ለድፍርስ ውሃ የሚሆን ካሜራ

ስልሳ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ይላል ሻጩ፣ ስልሳ አንድ፣ የልጁን የፈተና ውጤት እንደሚያወራ አባት ደረቱን ነፍቶ፣ እኔ ግን ነጥብ ልቆጥር አልመጣሁም፣ አንድ ስንጥቅ ላሳይ ነው የመጣሁት፣ አንድ፣ ርዝመቱ ከክንዴ የማይበልጥ፣ ስፋቱ ጥፍሬን የሚያስገባ፣ በድልድዩ ሦስተኛ ምሰሶ ላይ ከውሃው ወለል አምስት ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ፣ እኔ የነካሁት፣ ማንም ያላየው። ለዓሣ ነው እህቴ? ለኮንክሪት። ለኮንክሪት? አዎ ወንድሜ፣ ኮንክሪትም ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ እሱም ፎቶ ይነሳል፣ እንዲያውም ከዓሣ ይሻላል፣ አይሸሽም። ይስቃል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ረስቶታል፣ ቅድም ሲፈልገው ነበር። አልነግረውም።

ሁለቱም ካሜራዎች ባንኮኒው ላይ ተቀምጠዋል። ትልቁና ትንሹ። ትልቁ ውሃ የማያስገባ ሳጥኑን ሲለብስ የሕፃን ራስ ያህላል፣ ከፊቱ ከቅርብ የሚያነሳ ሌንስ፣ ከግራና ከቀኝ በረጅም ክንድ የተንጠለጠሉ ሁለት መብራቶች፣ ትንሹ ደግሞ በአንድ እጅ ይያዛል፣ ኪስ ሊገባ ምንም አልቀረው፣ ሌላ እጅ ይተርፍሻል ይለኛል ሻጩ፣ እውነቱን ነው፣ ወንዝ ውስጥ አንድ እጅ ትልቅ ሀብት ነው፣ በአንዱ ምሰሶውን ካልያዝሽ ወንዙ ይዞሽ ይሄዳል። ግን እጅ አይደለም የጎደለኝ። የሚታመን ነገር ነው የጎደለኝ። ሁለቱንም እሞክራለሁ እለዋለሁ፣ ዛሬ ሳልወስን ከዚህ ፎቅ አልወርድም።

ዛሬ ማክሰኞ፣ ሐሙስ እጠልቃለሁ፣ ከሐሙስ በኋላ ዝናቡ ይገባል፣ ወንዙ ደለሉን ተሸክሞ ይመጣል፣ የገዛ እጅሽን ፊትሽ ላይ ደቅነሽ የማታዪበት ጊዜ ነው፣ ለአራት ወር ማንም ወደ ምሰሶው አይወርድም። አንድ ቀን ነው ያለኝ። የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ካሜራ ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠጥቶ ሞተ፣ ልክ ስንጥቁ ፊት ስደርስ፣ ልክ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ፣ ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ጨለመ፣ በቃ። አምስት ሜትር ውሃ ሥር ሆኜ ተሳደብኩ፣ ስድቡ አረፋ ሆኖ ወጣ። ባዶ እጄን ከምወጣ ብዬ በቢላዬ ጫፍ ከስንጥቁ ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ፈነቀልኩ፣ ጥፍር የምታህል፣ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ በክኒን ብልቃጥ፣ ለማንም አላሳየኋትም፣ ራሴም ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቼ አላየኋትም። ለምን? እንጃ። አውቃለሁ። አላውቅም፣ ጊዜ አጣሁ፣ ጊዜ ነው ያጣሁት።

ነካሁት ስል የማልታመነው በአንዲት ፀጉር ምክንያት ነው፣ በገዛ ፀጉሬ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የካሜራውን ሳጥን ተቻኩዬ ስዘጋ ከራሴ የረገፈች አንዲት ዘለላ ከመስታወቱ በውስጥ በኩል ተለጥፋ ቀረች፣ ሳላያት ወረድኩ፣ ሳላያት አነሳሁ፣ ሠላሳ ፎቶ፣ በሠላሳውም ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር፣ ኢንጂነሩ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ፣ ድልድዩ ሁለት ቀን ተዘጋ፣ የከባድ መኪናው ሰልፍ ከተማው ዳር ደረሰ፣ ስንጥቅ የመሰለው መስመር በሠላሳውም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ላይ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ ልብ አላለም፣ እኔም ጭምር። ከዚያ ሌላ ጠላቂ ወርዶ ዳሰሰና ምንም የለም አለ፣ ፀጉሯም መስታወቱ ላይ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ስሜ ባለፀጉሯ ነው። ባለፀጉሯ መጣች፣ ባለፀጉሯ ሻይ ይምጣልሽ? ለባለፀጉሯ ማበጠሪያ ግዙላት። ተላጨሁት፣ ሙልጭ አድርጌ፣ ስሙ ግን አብሮ አልተላጨም። እኔም ስቄያለሁ፣ ካልሳቅሽ ይብሳል፣ እየሳቅሁ ግን አንድ ነገር ከውስጤ ወጥቶ ሄደ፣ ያየሁትን አየሁ የማለት ድፍረት።

ዛሬ ጠዋት የኢንጂነሩ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ። አየሽው? አላየሁትም፣ ነካሁት። ነካሁት ሪፖርት አይሆንም እኮ፣ አለኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ የተቃጠለ ሰው ነው፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ያኔ በእኔ ፀጉር እሱ ነው አለቆቹ ፊት የቆመው። ስሚ፣ አለኝ፣ ካለፈው ምርመራ ወዲህ የመጣ አዲስ ስንጥቅ ከሆነ ግንድ መትቶት ይሆናል፣ ዝናቡን እየተከታተልነው እናሳልፋለን፣ የቆየና እየሰፋ የመጣ ከሆነ ግን ወንዙ የምሰሶውን ሥር እየበላው ነው ማለት ነው፣ እሱን አንድ ቀን አላሳድረውም፣ እዘጋዋለሁ። እና የቱ ነው? አዲስ ነው፣ አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ ከእኔ ቀድሞ። እርግጠኛ ነሽ? አዎ ጌታዬ። ያለፈውን ምርመራ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ አምና በዚሁ ወር፣ ምሰሶ ሦስት፣ ጉድለት አልተገኘም፣ ፊርማ፣ የእኔ ፊርማ፣ ታዲያ አዲስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እንግዲያው የሚበቃሽን ካሜራ ውሰጂ፣ አለኝ፣ ምርጫው ያንቺ ነው።

የሚበቃሽን።

ውሃ ልጠቀም? እለዋለሁ ሻጩን፣ ሳልጠብቀው ከቦርሳዬ የላስቲክ ጠርሙሱን አወጣለሁ፣ የወንዙ ውሃ፣ ራሴ የቀዳሁት፣ ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ። ኧረ በናትሽ እህቴ፣ ባንኮኒው! አይፈስም፣ አትፍራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የምሳ ዕቃ ይዣለሁ፣ ክዳን አለው፣ ከታች ጋዜጣ አንጥፍ። ያነጥፋል፣ ደግ ሰው ነው፣ ሌላ ቢሆን በጥበቃ ያስወጣኝ ነበር። ካሜራ ሁሉ በንጹህ ውሃ ቆንጆ ነው፣ በማስታወቂያው ላይ ያለው ባሕር ሰማያዊ ነው፣ የእኔ ወንዝ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም፣ በእሱ ውስጥ የትልቁ ስልሳ አንድ ሚሊዮንም የትንሹ አሥራ ሁለት ሚሊዮንም እኩል ጭቃ ያነሳሉ፣ መፍትሔው መጠጋት ነው፣ በሌንሱና በኮንክሪቱ መሐል ያለውን ውሃ ማሳነስ፣ እስከ መሳሳም ድረስ መጠጋት፣ መብራቱን ደግሞ ወደ ጎን መክፈት፣ ከፊት ካበራሽ ደለሉን ነው የምታበሪው፣ በጭጋግ ረጅም መብራት እንደሚያበራ ሹፌር።

መጀመሪያ ትንሹን። ውሃው ውስጥ ምን ልክተት? ሳንቲም እለዋለሁ፣ ሻጩ ሳንቲም ይሰጠኛል፣ እከታለሁ፣ ሌንሱን ከምሳ ዕቃው ጎን አስጠግቼ አነሳለሁ። ይነበባል፣ ጥሩ ነው፣ ጭረቱ ይታያል። ትልቁን። እሱም ጥሩ ነው፣ የበለጠ፣ በጭረቱ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ሳይቀር፣ ግን ከሳንቲም ምን ተማርኩ፣ ሳንቲም ኮንክሪት አይደለም። እጄ ቦርሳው ውስጥ ነው። ብልቃጡን ይዟል። ተይው። ለምን ያዝሽው ታዲያ፣ ለጌጥ ነው? ተይው፣ ሳንቲሙ ይበቃል። አቦ ልቀቂኝ።

እከታታለሁ። ትንሿ ቅርፊት በሻይ ቀለሙ ውሃ ውስጥ ትንሳፈፍና ትሰምጣለች፣ በጠርዟ ቆማ ሳንቲሙ ላይ ትደገፋለች፣ የተሰበረው ጎኗ ወደ እኔ። በትንሹ አነሳለሁ፣ ነጭ ነገር፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ይህ ስንጥቅ ቢሆን ስንጥቅነቱን ማንም አይክድም፣ ኢንጂነሩም፣ የኢንጂነሩም አለቃ። በትልቁ አነሳለሁ። ሻጩ ምስሉን ሰፊው ስክሪን ላይ ያወጣዋል፣ ያሰፋዋል፣ ያሰፋዋል፣ እንዴ ይላል፣ ድርብርብ ናት እኮ፣ ምንድን ናት?

ነጭ፣ ቡኒ፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ነጭ።

ቁጠሪ ልጄ፣ የጋሼ ድምፅ ነው፣ ጋሼ ገመዴን የሚይዙት ሽማግሌ ናቸው፣ እኔ ስወርድ እሳቸው ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው ገመዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ አንዴ ከሳብኩ ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ልቀቁ፣ ሦስቴ አውጡኝ፣ ሃያ ዓመት ራሳቸው ጠልቀዋል፣ ጆሯቸው እስኪደፈን። ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ያለቅሳል ይሉኛል፣ እንባው ኖራ ነው፣ በስንጥቁ ከንፈር ላይ ይደርቃል፣ ወንዙ ሲጠራ ነጭ ይጥላል፣ ዝናብ ሲገባና ሲደፈርስ ደለሉ ተቀላቅሎ ቡኒ ይጥላል፣ ስለዚህ ዕድሜውን ስትፈልጊ ቡኒውን ቁጠሪ፣ አንድ ቡኒ አንድ ክረምት። አንድ ቡኒ አንድ ክረምት። ካለፈው ምርመራዬ ወዲህ ያለፈው ክረምት አንድ ነው። እዚህ ሁለት ቡኒ አለ። መልሼ እቆጥራለሁ፣ ሁለት፣ ከግራ ብቆጥርም ከቀኝ ብቆጥርም ሁለት፣ አምና ስወርድ ነበረ ማለት ነው፣ አምና ጉድለት አልተገኘም ብዬ ስፈርም አንድ ክረምት ያሳለፈ ስንጥቅ ነበር።

ደህና ነሽ እህቴ? ደህና ነኝ።

ደህና አይደለሁም። አምና። አምናን ላስብ፣ አሁን ላስበው፣ ሰው መሐል። ጓንቴ ውስጥ ያለው ጣቴ ምሰሶው ላይ እየተንሸራተተ፣ አንዲት ነገር፣ እንደ ክር፣ ጓንቱን አወለቅሁ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ በባዶ ጣቴ ከላይ ወደ ታች፣ ክር፣ ጥፍር የማታስገባ፣ ግን ክር። የጣውላው ስፌት ነው አልኩ፣ ኮንክሪቱ ሲፈስ የተገጠመው ጣውላ የተወው ስፌት፣ እንዲህ ያለ ስፌት ይኖራል፣ እውነት ይኖራል፣ ግን ስፌት ቀጥ ያለ ነው፣ ይህ ይጣመም ነበር፣ መጣመሙን ጣቴ ያውቃል፣ ጣቴ ያኔም ያውቅ ነበር። ጓንቱን መልሼ ለበስኩ። ገመዱን ሦስቴ ሳብኩ። ጀልባው ላይ ጋሼ ምን አገኘሽ አሉኝ፣ ምንም፣ እንዴት ቆየሽ ታዲያ፣ አልጌ ስጠርግ ነው ጋሼ። ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። ፀጉር ናት ይሉኛል ብዬ ነው። ይኸው ወጣ። አልደከመኝም ነበር፣ አልተጠራጠርኩም ነበር፣ እንዳይስቁብኝ ነው። አንድ ሙሉ ድልድይ፣ እንዳይስቁብኝ።

ሻጩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ይላል፣ ትልቁን ብትወስጂ ለእኔ ይሻለኛል፣ ግን ሐቁን፣ ላልሽው ሥራ ትንሹ ይበቃሻል፣ ስንጥቅ ማሳየት አይደል? ያሳያል፣ ቀላል ነው፣ ለምን ትሸከሚያለሽ። እውነተኛ ነጋዴ ዛሬ ነው የሚገጥመኝ፣ ዛሬ! ይበቃል። እሱም ይበቃል አለ፣ ኢንጂነሩም የሚበቃሽን አለ፣ ትንሹ ስንጥቁን ያሳያል፣ አዲስ ነው ብያለሁ፣ ከአሥራ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ዕድሜ የሚያነብ የለም፣ ክረምቱን ይከታተሉታል፣ ከክረምቱ በኋላ ይጠግኑታል፣ ሦስት ክረምት የቆመ አራተኛውን አይችልም? ሁለት የቆመ፣ ሁለት፣ ሦስተኛውን። ይችል ይሆናል። ብልቃጧን ሽንት ቤት ከደፋኋት፣ አበቃ፣ በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም፣ ጣቴ ብቻ። ጣት ደግሞ አይናገርም።

ስልኬ። ታናሽ እህቴ ናት። የት ነሽ? ሥራ ላይ ነኝ። ስሚማ፣ ይህ በላይኛው መንገድ ዙሪ ያልሽኝ ነገር ገደለኝ እኮ፣ አርባ ደቂቃ ነው የሚጨምረው፣ ዛሬም አርፍጄ አለቃዬ ዘለፈችኝ፣ አውቶቡሱ እኮ በድልድዩ ነው የሚያልፈው፣ ነገ እንደ ድሮዬ ልሂድ? አይሆንም። ለምን? ትራፊክ ብዬሻለሁ። ምን ትራፊክ፣ የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ በድልድዩ መጥተው በሰዓቱ ይገባሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ የምዞረው! ዙሪ አልኩሽ፣ ዙሪ፣ በእናትሽ። አንቺ ደህና አይደለሽም ብላ ትዘጋዋለች።

የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ። እኔ ብቻ። ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ጆሮዬ ግሏል፣ ላለፈው ሳምንት ሙሉ አዲስ ነው እያልኩ፣ ግንድ መትቶት ነው እያልኩ፣ እህቴን ግን ከዚያው ምሽት ጀምሬ አዙሬያታለሁ፣ አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው፣ የእኔን፣ ታዲያ የሌላው እህት? ከእሷ አጠገብ የምትቀመጠው፣ ሁልጊዜ ትከሻዬ ላይ ትተኛለች የምትላት የልብስ ሰፊ ረዳት፣ እሷን ማን ያዙራት? ከራስ በላይ ነፋስ ማለት ይኸው ነው፣ ሰው ላይ ሳየው የምጸየፈው። አውቅ ነበር። ቅርፊቷን ያላየኋት ስለማውቅ ነው። አፈርኩ፣ በፀጉሯ ጊዜ ካፈርኩት በላይ፣ ያኔ ያፈርኩት በስህተት ነበር፣ ይህ ስህተት አይደለም።

ትልቁን አድርግልኝ። ሻጩ ያየኛል፣ ትንሹ ይበቃል አልኩሽ እኮ። ሰማሁህ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አይበቃም። ሳጥኑን አምጣ፣ ላስቲኩን ልየው፣ ሳጥኑን ውሃ እንዳያስገባ የሚዘጋውን፣ ቅባቱን፣ መስታወቱን በዚህ ብርሃን አዙረው፣ መጥረጊያ ጨርቅ ስንት አለህ፣ ሁሉንም። ሁለቱ መብራቶች ክንዳቸው እስከ ምን ድረስ ይከፈታል? ክፈተው፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ጥሩ። በጓንት ቁልፉ ይጫናል? አምጣ ልሞክረው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ጓንት አለ። ከብዶኝ እንደሆነ ምሰሶው ላይ ራሴን በገመድ አስራለሁ፣ ጋሼ ያስሩኛል፣ ሁለት እጄንም ለካሜራው እሰጣለሁ። ሐሙስ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዷን የጣት ስፋት፣ ከንፈሩን፣ ነጩን፣ ቡኒውን፣ እስከ ሁለት ድረስ መቁጠር የሚችል ሁሉ እንዲቆጥረው። መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው፣ እለዋለሁ። ኦ! ይላል።

ሐሙስ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ቆይ። አንድ ቀን አላሳድረውም ነው ያለው እሱ፣ እኔ ሁለት ቀን ላሳድረው ነው? ነገ ጠዋት አውቶቡሱ አለ፣ ነገ ማታም፣ ከነገ ወዲያ ጠዋትም። ፎቶው ሐሙስ ነው፣ አፌ ግን ዛሬ ነው፣ እዚሁ ነው፣ ከአፍንጫዬ ሥር። አያምነኝም። አያምነኝ ይሆናል። ባለፀጉሯ ደግሞ ጀመራት ይላሉ። ይበሉ። ይሳቁ፣ እስኪበቃቸው ይሳቁ፣ ድልድዩን ዘግተው ይሳቁ። የመጥለቅ ፈቃዴን ይቀሙኝ ይሆናል፣ ይቀሙኛል፣ ሐሙስ ሌላ ጠላቂ ይወርድ ይሆናል በዚህ በመረጥኩት ካሜራ፣ ይውረድ፣ ቦታውን በጣቴ አሳየዋለሁ፣ ውሃው ይናፍቀኛል፣ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ያንን ኋላ አለቅሰዋለሁ።

እደውላለሁ። ይጠራል፣ አንዴ። ሁለቴ። አቤት፣ ይላል ኢንጂነሩ፣ ገዛሽ? ገዛሁ፣ ትልቁን፣ ግን ለሱ አይደለም የደወልኩት፣ ስንጥቁ አዲስ አይደለም ጌታዬ። ከየት አወቅሽ? ቅርፊቱ እጄ ላይ ነው፣ ሁለት ክረምት ተቆጥሮበታል፣ ምስሉን አሁን እልክልዎታለሁ። ሁለት? አዎ። አምና መርምረሽው የለ እንዴ አንቺ? መርምሬው ነበር። እና አልነበረማ። ነበረ። አላየሽውም ማለት ነው፣ ይለኛል፣ ድምፁ ይለሰልሳል፣ በሩን እየከፈተልኝ ነው፣ ውሃው ድፍርስ ነበር፣ አላየሽውም፣ ያጋጥማል፣ እንዲህ ብለን እንጽፋለን። ደግ ሰው። ሻጩ የጨርቁን እሽግ ይዞ ቆሟል፣ ጠረኑ አዲስ ፕላስቲክ የሆነ ክፍል፣ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ በታች መንገዱ፣ አንድ አውቶቡስ ሰው ሞልቶ ሲዞር። አይደለም፣ እለዋለሁ፣ ውሃው ጠርቶ ነበር፣ ጓንቴን አውልቄ በእጄ ነካሁት፣ ስንጥቅ መሆኑን አወቅሁ፣ እንዳይሳቅብኝ ብዬ የለም ብዬ ፈረምኩ፣ ድልድዩን ዛሬ ይዝጉት። የወረቀት ድምፅ እሰማለሁ። እስክሪብቶ ሲፈልግ። ድገሚልኝ ይለኛል፣ ድምፁ ተለውጧል፣ እያንዳንዱን ቃል ልጻፈው፣ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ።

እደግምለታለሁ።